ሳይሾሙ መሻር

አባቴ ግራዝማች አልነበሩም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ በሪፖርተርነት የቆየሁባቸው ዓመታት ዋናውን ነገር አንባቢ ሳይለፋ ንገሪ ብለው ስላስለመዱኝ ነው። ግራዝማች የነበሩት አያቴ ናቸው። እሳቸውን በንጉሡ ዘመን ሿሚ ሾሟቸዋል፤ ካባ ለብሰዋል፤ በቅሎ ተጭኖላቸዋል። በሕግ ደግሞ ማዕረግ አይወረስም። የተሾመ ሰው ሲሞት ማዕረጉ አብሮት ይቀበራል።

በእኛ አገር ግን አልተቀበረም። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው ወደ ብር ወንዝ ሲወርዱ ባለው ቀበሌያችን፣ በአያቴ ተዝካር ቀን፣ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሕዝቡ ዳሱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ የላይኛው ጎረቤታችን ብድግ አሉ። የአያቴን ካባ ከግድግዳው አውርደው በአባቴ ትከሻ ላይ ጣሉና፣ «የግራዝማች ቤት አይዘጋም» አሉ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ሹመቱ ይኸው ነበር። ደብዳቤ የለው፣ ማኅተም የለው። ሕዝቡ ቆሞ ሾማቸው።

እኔ ነፍስ ሳውቅ አባቴ በዚያ ስም ይጠሩ ነበር። ማዕረጉ ያስገኘላቸው ነገር ብዙ አልነበረም። ጉልቱ በደርግ ጊዜ ቀርቷል፤ መሬቱም ተደልድሎ አባቴ እንደ ማንኛውም አራሽ ድርሻቸውን ወስደዋል። በሬ ጠምደው ያርሳሉ፤ እንደ ሰው ሁሉ ጭቃ ይረግጣሉ። ያላቸው አንድ ነገር ነበር፤ የገቡበት ሸንጎ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሁሉ ይነሣላቸዋል። የተቀመጠ ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ ይነሣል፤ ልጅ ታቅፋ የምታጠባ ሴት ትነሣለች። እሳቸውም «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሡ» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ሰው ግን እሳቸው ሳይቀመጡ አይቀመጥም። በምላሹ የተጣላ ሁሉ የእኛን ደጅ ያንኳኳል። ድንበር የተገፋበት፣ ባሏ የመታት፣ ከብቱ ሰብል የበላበት፤ ሁሉም ከደጃችን ዋንዛ ሥር ይቀመጣል። የመጣውን ማብላትና ማጠጣት የእናቴ ፈንታ ነበር።

ፍኖተ ሰላምን የዱሮ ሰዎች ውጀት ነው የሚሏት። አሁን የምትጠራበትን ስም ያወጡላት ንጉሡ ናቸው። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግም ወረደ፤ ከተማይቱ ግን የንጉሡን ስም እንደያዘች አውቶቡስ ጣቢያ አበጀች፣ ትምህርት ቤት ጨመረች። ይህን ሳስብ ስም የሚቆየው የሚጠራው ሰው እስካለ ድረስ ነው እላለሁ። ሰጪው ማን እንደሆነ ብዙም አያሳስበውም።

ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የመሬት ሽግሽግ መጣ። ወሬው ከመለኪያው ገመድ ቀድሞ ደረሰ። በቀድሞ ሥርዓቶች ሹም የነበረ፣ የፊውዳል ርዝራዥ የተባለ ሰው አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ያህል፣ ይተውለታል፤ የቀረው መሬት ለሌላቸው ይሰጣል ተባለ። በአካባቢያችን ትዳር ይዘው መሬት ያጡ ወጣቶች ብዙ ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም የሐሰት አልነበረም። ግን አባቴ በዚያ ስም ከተመደቡ መጀመሪያ የሚሄደው ከወንዙ ዳር ያለው ጥቁር መሬት፣ የበርበሬው እርሻ ነበር። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው የሚማሩት ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ የሚኖሩት በዚያ በርበሬ ነው። መሬቱ ሄደ ማለት ልጆቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ተመለሱ ማለት ነው።

እኔ በዚያ ሰሞን ከባሕር ዳር የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አገር ቤት ነበርሁ። መሬቱ ከሚደለደልበት የቀበሌ ስብሰባ በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው መጡ። ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። የላይኛው ጎረቤታችን ወሬ አላበዙም።

«ግራዝማች፣ በዚህ ስብሰባ ላይ ግራዝማች አይደሉም» አሉ።

«ማን ሻረኝ?» አሉ አባቴ።

«እኛ። የሾምንዎስ እኛ አይደለን?»

አባቴ ሳቁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔ ሳልሾም አብልቼ፣ ሳልበላ ተሻርሁ በሉኛ!»

«ይህንንም እኛው በልተነዋል» አለ ከመጡት መካከል በዕድሜ ትንሹ፣ በቀልዱ የሚታወቅ ገበሬ። ከዚያ ነገሩ ከበድ አለ። በስብሰባው ላይ ማንም ማዕረጉን ላይጠራ ተስማሙ። እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው አያ ብለው በስማቸው ሊጠሯቸው ሆነ።

«እስቲ ጥሩኝ» አሉ አባቴ።

የላይኛው ጎረቤታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አያ…» አሉና ቆሙ። ደግመው «አያ…» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልሄድ አላቸው።

«አይ እርስዎ» አለች እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና፣ «አብረው ያደጉትን ሰው ስም ረሱት?»

«ስሙማ የት ይሄዳል፣ እሜቴ። ምላሴ ነው የጠፋኝ።»

ቀልደኛው ገበሬ «እኔ ልሞክር» ብሎ ተነሣ። ደረቱን ነፋ፤ ጣቱን ቀሰረ። «አንተ ሰውዬ! ና ወዲህ!» አለ። ወዲያው ደነገጠና በሁለት እጁ አፉን ያዘ። «ይማሩኝ ግራዝማች! በማርያም ይማሩኝ!» ሲል ሽማግሌዎቹ እስኪያነቡ ሳቁ። አባቴም ጋቢያቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከብዙ ልምምድ በኋላ አንድ በአንድ ስማቸውን ጠሩ። እንግዳ ነገር ነበር። የአባቴን ስም በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ሲጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ያላሰቡትን ያሰበችው እናቴ ናት።

«አፋችሁንስ አሠለጠናችሁት» አለች። «እግራችሁን ምን ልታደርጉት ነው?»

ሁሉም እግር እግሩን አየ። እውነቷን ነበር። አባቴ ገብተው ይህ ሕዝብ ተቀምጦ የቀረበት ቀን የለም። ማዕረጉን ከአፉ ቢያጠፋው እንኳ እግሩ ያወራበታል። መላውን የመቱት የላይኛው ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ ማንም ሳይደርስ ማልደው ይሂዱ፤ ስብሰባው በሚደረግበት ዋርካ ሥር ቀድመው ይቀመጡ። ሰው ቆሞ ለሚመጣ ይነሣል እንጂ ቀድሞ ተቀምጦ ለጠበቀው አይነሣም። ሁሉም «እሰይ» ብሎ ተነሣ፤ ሲለያዩ ግን በዚያው ቆመው አባቴ ቀድመው ቤት እስኪገቡ ጠበቁ።

በስብሰባው ቀን ጤዛው ሳይረግፍ ከአባቴ ጋር ወጣን። የሚቀድመን ሰው አልነበረም። ጅረቱን የምንሻገርበት ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ ከወዲያ ማዶ መጣች። አባቴን ስታይ ከመንገዱ መሀል ቁጭ አለች።

«ግራዝማች፣ ዳኝተውኝ ልሂድ። ሳይዳኙኝ አልሄድም።»

ባሏ፣ እናቷ የሰጠቻትን ጊደር ሳይጠይቃት ለወንድሙ ጥሎሽ ነድቶባታል። ትዳሯን ጥላ ወደ አባቷ ቤት መሄዷ ነበር።

«አባባ፣ እንዘገያለን» አልሁ።

አባቴ ፀሐይዋን አዩ፤ ሴቲቱን አዩ። «ትንሽ ነገር ናት» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ አልነበረችም። ባልየው ከእርሻው ተጠርቶ መጣ። ወንድምየውም ተጠራ። ባል ካደ፤ ወንድም አመነ፤ ሴቲቱ አለቀሰች። አባቴ ሁሉንም እኩል ሰሙ። ማንንም ሲያቋርጡ አላየሁም። በመጨረሻ «ጊደሯም ወደ በረቷ፣ ሴቲቱም ወደ ቤቷ» ብለው ፈረዱ። ሦስቱም እግራቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ከልክለው ተነሡ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ነበር።

ዋርካው ሥር ስንቃረብ ሕዝቡ ሞልቶ ተቀምጧል። ከፊት ጠረጴዛ ተዘርግቶ አንዱ ጎን የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የእኛው አገር ወጣት፤ ሌላው ጎን ከሌላ አካባቢ የተመደበ ካድሬ ተቀምጠዋል። ካድሬው ስለ ልኬታው እያስረዳ ነበር። የላይኛውን ጎረቤታችንን ከሩቅ አየኋቸው። እኛን ሲያዩ ሁለት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ያዙ። ቀልደኛው ገበሬ መሬት መሬት ያያል። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ከዳር ሊቀመጡ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው የላይኛው ጎረቤታችን ጉልበት ከእጃቸው አመለጠ። ተነሡ። ዲያቆን «ተንሥኡ» ያለ ይመስል ያ ሁሉ ሰው ብድግ አለ። ወጣቱ ሊቀመንበር እንኳ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ፣ ነገሩ ሲገባው ቀበቶውን የሚያጠብቅ መሰለ።

«ምንድን ነው? ማን መጣ?» አለ ካድሬው።

ካድሬው የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ።

«ለምን ተነሣችሁ?»

«እግራችን ደንዝዞ ነው» አለ ቀልደኛው።

«የሁላችሁም?»

«እኛ አገር አብረን ነው የምንደነዝዝ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ካድሬው ግን ሞኝ አልነበረም። አባቴን ትኩር ብሎ ተመለከታቸው። «እርስዎ ማን ነዎት?» አለ። አባቴ ስማቸውን ተናገሩ። «በቀድሞው ጊዜ ማዕረግ ነበረዎት?»

እውነቱን እኔም አውቀው ነበር። አያቴን ማን እንደሾማቸው፣ አባቴን ማንም እንዳልሾማቸው ከራሳቸው አፍ ከሰማሁ ቆይቷል። ቢሆንም መልሱ የሳቸው ነበር። አባቴ ቆሞ የቀረውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አዩት። የላይኛውን ጎረቤታችንን ሲያዩ ሽማግሌው ዐይናቸውን ሰበሩ።

«አልነበረኝም» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ጮክ ያለ ነበር። «ግራዝማች አባቴ ነበሩ። እሳቸውን ሾመዋቸዋል። እኔን የሾመኝ መንግሥት የለም። ግራዝማች አይደለሁም። ገበሬ ነኝ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የተነሣው ለማን ነው?»

«ለአባቴ ነው። አገሩ ሙት ያከብራል።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞር አሉና፣ «ተቀመጡ» አሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተቀመጠ።

ካድሬው ይህንንም አየ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ሊቀመንበሩን ጠየቀው። ሊቀመንበሩ አባቴ የሹመት ወረቀት እንዳልነበራቸው፣ ሲያርሱ እንጂ ሲያሳርሱ እንዳላያቸው መሰከረ። ሌሎች ሽማግሌዎችም ያንኑ ተናገሩ። አንዳቸውም አልዋሹም። የበርበሬው መሬት ለአባቴ ጸና። ወንድሞቼ በትምህርታቸው ቀጠሉ።

በዚያ ምሽት ቤታችን ደስታ ነበር። እናቴ የላይኛውን ጎረቤታችንን ጉልበት እያነሣች አሣቀችን። አባቴ ግን ካባውን ከተሰቀለበት ቀንድ አወረዱ። አራግፈው፣ አጥፈው፣ የእህል ጎታው አናት ላይ አኖሩት። ለጊዜው ነው ብዬ ነበር። እሳቸውም እንደዚያ ያሰቡ ይመስለኛል። ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ይነሣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ተመልሶ ይሰጣል።

በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች አባቴን «እንዴት አደሩ፣ አያ» አሏቸው። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን አልተነሡም። የላይኛው ጎረቤታችንም እንደተቀመጡ ቀሩ። አባቴ የለመደ እጃቸው «በእግዜር አትነሡ» ሊል ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ወደ ጋቢው ተመለሰ።

ጥንቃቄ ነው አልን። የሽግሽጉ ወሬ እስኪበርድ ነው አልን። ወሬው በረደ፤ ካድሬው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ አንድ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ሰዉ አባቴን እንደ ዱሮው ይወድዳቸዋል፤ ለሽምግልና ይጠራቸዋል። ስሙ ግን አልተመለሰም። እናቴ ሳትቀር «የልጆቼ አባት» ማለት ለምዳለች።

ለፋሲካ በመጣሁ ጊዜ የላይኛውን ጎረቤታችንን በረታቸው በር ላይ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። «አሁን ማን ይከለክላችኋል? ለምን አትጠሯቸውም?»

ሽማግሌው በጥያቄዬ ተገረሙ። «ልጄ፣ አባትሽ በአገር ፊት ቆመው አይደለሁም አሉ» አሉኝ። «አባትሽ የተናገሩትን ቃል መቼ አፍርሰን እናውቃለን? ዛሬ ግራዝማች ብንላቸው እኮ ያን ቀን ዋሽተዋል ማለታችን ነው። እሳቸውን ውሸታም የሚያደርግ አፍ በዚህ አገር የለም።»

አገሩ ትእዛዛቸውን እየፈጸመ ነበር። ማዕረጋቸውን የወሰደባቸው ክብራቸው ነው። ይህን ለአባቴ አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ስለ ነገሩ ሲያማርሩም ሰምቼ አላውቅም።

የቡሬ ገበያ የጀመራቸው በዚያ ዓመት ነው። ፍኖተ ሰላም በቅርባችን እያለች፣ አባቴ የበርበሬ ጆንያ ይዘው እስከ ፍኖተ ሰላም በእግር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ቡሬ ይሄዳሉ። ቡሬ ራሷ የበርበሬ አገር ናት።

«በርበሬ ተሸክሞ ወደ በርበሬ አገር የሚሄድ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» ትላለች እናቴ። «ዓባይ ዳር ውኃ እንደ መሸጥ ነው።»

«ዋጋው ይሻላል» ይላሉ አባቴ።

አይሻልም ነበር። በሥራዬ ምክንያት የሁለቱንም ከተሞች ገበያ ጠይቄ አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ እኔም አብሬያቸው ሄድሁ። አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ረዳቱ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ጎረምሳ፣ የአባቴን ትከሻ በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ፋዘር፣ ጠጋ ጠጋ! ሦስት ሰው ነው ወንበሩ!» አለ። አባቴ ጆንያቸውን እግራቸው መሀል አጥብቀው ተጠጉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

ቡሬ ገበያ በርበሬ ተራው ከሩቅ ያስነጥሳል። ቀዩ ክምር በክምር ላይ፤ ሻጩም ገዢውም ነጠላውን በአፍንጫው ላይ አስሯል። አባቴ ማንንም ሳይጠይቁ፣ የለመዱት መንገድ እንደሆነ በሚያሳብቅ እርምጃ፣ ተራውን አቋርጠው ወደ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሄዱ። ነጋዴው የአያቴን ዘመን የሚያውቁ፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ወደ እኛ አገር ይመላለሱ የነበሩ ናቸው። አባቴን እንዳዩ የያዙትን ሚዛን አስቀመጡ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ተነሡ።

«ግራዝማች! ይግቡ፣ ይግቡ! ለግራዝማች ቦታ ልቀቁ!»

አጠገባቸው ያሉት ሻጮች ተነሡ። እነሱን አይተው ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ተነሡ። ወጣቶቹ ለማን እንደሚነሡ አያውቁም፤ ሽማግሌው ስለተነሡ ተነሡ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሡ» አሉ አባቴ። እጃቸው እስከ መጨረሻው ሄደ።

የተሞላ ጆንያ ላይ አስቀመጧቸው። አባቴ እኔን አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ጥቂት ቆይቶ በመደብ ቦታ የተጣሉ ሁለት ሴቶች እየተካሰሱ መጡ። «እንዲያውም ግራዝማች ይዳኙን!» አለች አንደኛዋ። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀርባቸውን አቀኑ። ከጅረቱ ዳር ዳኝነት ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ወጣ። ሁለቱንም እኩል ሰሙ። አንዷንም አላቋረጡም።

ማታ ላይ በአውቶቡስ ተመለስን።

«አየሽ» አሉ አባቴ።

«አየሁ።»

«እነዚያ ሰዎች ከዋርካው ሥር አልነበሩም።»

«አልነበሩም።»

«ያልሁትን አልሰሙም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እውነት ማጣራት ሥራሽ ነው። ውሸት ነው ትያለሽ?»

አሰብሁበት። በግምት መመለስ አልፈለግሁም። «እርስዎ ግራዝማች ነኝ አላሉም» አልኋቸው። «ያሉት እነሱ ናቸው። የተነሡትም እነሱ ናቸው። አያቴ የሞቱ ጊዜስ ከዚህ የተለየ ነገር ተደርጎ ነበር?»

አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ሳቁ። «ይህን ጋዜጣ ላይ እንዳታወጪው» አሉኝ። በሕይወት እስከነበሩ ድረስ አላወጣሁትም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ደጅ ወጥታ ተቀበለችን። አባቴ ጆንያውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጠዋት እንደታሰረ፣ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም።

«ገበያው እንዴት ዋለ?» አለች እናቴ።

«ጥሩ ነበር» አሉ አባቴ። «በጣም ጥሩ ነበር።»

እናቴ ጆንያውን አየች፤ የሳቸውን ፊት አየች። ስለ በርበሬውና ስለ በርበሬ አገር ልትል ያሰበችው ነገር ከንፈሯ ላይ ሲቆም አየሁት። ጎንበስ ብላ የጆንያውን ጥግ ዳሰሰች፤ ስፌቱ መላላት ጀምሯል።

«ለሚመጣው ገበያ እሰፋዋለሁ» አለችና ተሸክማው ገባች። አባቴም ቆመው ጠበቋትና ተከትለዋት ገቡ።